አራተኛዋ አባል

«ሴት አባላት፣ አራት። አንደኛ፣ ጓዲት ሰገነት ቢያዝን። ከሁለት ዓመት በፊት በራሷ ማመልከቻ የተመዘገበች፣ በእሁድ ጉዞዎች ሁሉ በንቃት የምትሳተፍ።»

የብስክሌት ክበቡ ሊቀመንበር አቶ አምባቸው ይህን ሪፖርት ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰገነት ጓዳ ውስጥ ቆማ ሻይ እየቀዳችላቸው ነበር። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው የሳንቃ ግድግዳ ነው፤ በስንጥቁ ብርድ እንዳይገባ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ጋዜጣ ብርድ ይከለክል ይሆናል እንጂ ወሬ አይከለክልም። ሻዩ ብርጭቆውን ሞልቶ ሳህኑ ላይ፣ ከሳህኑም እጇ ላይ ፈሰሰ፤ ማቃጠሉ እንኳን የተሰማት ቆይቶ ነው። ሰገነት በሕይወቷ አንድም እሁድ ከክበቡ ጋር ተጉዛ አታውቅም። አቶ አምባቸው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛ ጀሊላ ኑርሑሴን፣ ሦስተኛ ሸዋዬ አካሉ፣ አራተኛ ወለተ ጊዮርጊስ። የአራተኛዋ የአባት ስም አልተጻፈም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዛሬ ጉዞውን የሚያዩት የመንግሥት እንግዳ ሴቶቹን ልይ ካሉ የሴቶቹ ክፍል ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ዱርቤቴ ወርዷል እንደሚሏቸው ለወንድሟ ለአንዳርጋቸው ነገሩት።

ጮራ የብስክሌት ክበብ በኅዳር 1975 ባሕር ዳር ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ሃያ ሁለት ወንዶች፣ ሃያ ሁለት ሰማያዊ ማሊያ፣ በየእሁዱ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ መሸንቲ ደርሶ መመለስ። ሊቀመንበሩ አቶ አምባቸው ናቸው፣ ጸሐፊው አንዳርጋቸው። ሴት ብስክሌት ላይ ማየት በዚያ ከተማ ብርቅ ሆኖ አያውቅም፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ከነምሳ ዕቃዋ፣ ነጋዴዋ ከነዘንቢሏ፣ አንዳንዷማ ልጇን አዝላ ትነዳለች። ክበቡ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሥራ የሚነዳና ለክብር የሚነዳ ይለያያል ይሉ ነበር አቶ አምባቸው፤ ሴት ለሥራ ትንዳ፣ ማን ከለከላት። ለክበቡ የሴት ድርሻ የጉዞው ማብቂያ ላይ ውሃ ይዞ መቆም፣ ማሊያ ማጠብ፣ በበዓል ቀን ደግሞ አበባ ማበርከት ነበር።

ሰገነት ከሁለት ዓመት በፊት ማመልከቻ አስገብታ ነበር። በመዝገብ ቤት ሠራተኛ ደንብ፣ ቀን ጽፋ፣ ጉዳዩን አስምራ፣ ፈርማ ለወንድሟ ሰጠችው። መልሱ በሳምንቱ ምሳ ላይ በቃል መጣ፤ ለጊዜው የሴት ክፍል የለንም ብለዋል አላት። እሷም እሺ ብላ ወጥ ጨመረችለት። ስለዚያ ነገር ከዚያ ወዲያ በመካከላቸው አንድ ቃል አልተነገረም። አንዳርጋቸው እናታቸው ካረፈች ወዲህ አስተምሮ ያሳደጋት፣ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ ሁለት ሸሚዝ ብቻ እያፈራረቀ የለበሰ ወንድም ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አይከሰስም። በየቅዳሜው ማታ ብስክሌቱን በጨርቅ የምትወለውለው፣ ሰንሰለቱን ዘይት የምትቀባው እሷ ናት። ማመልከቻዋ ግን አልተመለሰላትም ነበር፤ ለምን እንዳልተመለሰላት አሁን ገባት። ከበላይ የሴቶችን ተሳትፎ አሳዩ የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ያች ወረቀት ከመሳቢያ ወጥታ ሥራ ጀምራለች። እሷ ስትከለከል ስሟ ሁለት ዓመት ሙሉ ብስክሌት ሲነዳ ኖሯል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

ሻዩን ይዛ ስትገባ አቶ አምባቸው ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፣ ደህና አደርሽ ብለው ስለ ብርዱ አወሩላት። አማታቸውን እማማ ፀሐይወርቅን ገና ሳይነጋ ጊዮርጊስ አድርሰው መምጣታቸውን፣ አሮጊቷ በዚህ ዕድሜያቸው ቅዳሴ አንድ ቀን እንደማያስታጉሉ ነገሯት። አንዳርጋቸው ዓይኑን ከብርጭቆው አላነሣም። ሰገነትም ዳቦውን አስቀምጣ ቆማ ቀረች፤ ሦስቱም ዳቦውን አዩት። እንግዳው ጓድ አዘዘ የሚባሉ የክፍለ ሀገሩ የስፖርት ሰው ነበሩ፣ ከደብረ ማርቆስ ትናንት ማታ ገብተዋል፣ ጉዞውን በሦስት ሰዓት ተገኝተው ያስጀምራሉ፣ ሪፖርቱንም በእጃቸው ይቀበላሉ። አቶ አምባቸው ሻዩን በሁለት ጉንጭ ጨርሰው ወጡ።

አንዳርጋቸው ብስክሌቱን ወደ በረንዳ አወጣና ጎማውን ይነፋ ጀመር። ሰገነት በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እኔ ክበቡ ውስጥ አለሁ እንዴ?» አለችው።

መንፊያውን ነቀለ። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አየው። «ወረቀት ነው፣ ተይው» አለና ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ።

ወረቀት ነው! ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሰገነት እንጀራዋን የምትበላው ወረቀት እየቆጠረችና እያሰረች ነው፤ አንድ ወረቀት በመጥፋቱ ሰው ጡረታው ሲቀርበት፣ አንድ ወረቀት በመገኘቱ ሰው ቤት ሲሰጠው በዓይኗ አይታለች። ወረቀት ላይ ያለ ሰው አለ ነው የሚባለው። እንግዲያውስ እኔ አለሁ አለች ለራሷ፤ ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ዶሮ ክንፉን አራገበ። ሁለት ዓመት ያልተናገረችው ሁሉ ባንድ ጊዜ እግሯ ውስጥ ገባ። ለዘመቻ ሄዳ የነበረ ጊዜ የለበሰችውን የካኪ ሱሪ ከሣጥን አወጣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ሸራ ጫማዋን አጥልቃ ከሹም አቦ ሰፈር ወደ ገበያው መንደር ወረደች። አንድ ሰዓት ተኩል ነበር።

መጀመሪያ የሄደችው ብስክሌት አከራዩ ዘንድ ነው። በሰዓት ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ ዋጋው አይደለም ችግሩ፤ እሁድ ነው፣ የከተማው ወጣት ሁሉ በማለዳ ተከራይቶ ሐይቅ ዳር ወጥቷል። የቀረችው አንዲት ብስክሌት የፊት ጎማ የላትም። ሰገነት ያችን ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ትንሽ ቆማ ተመለከተቻት፣ አከራዩም እሷን ተመለከታትና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ወደ ጀሊላ ቤት ሮጠች።

የአቶ ኑርሑሴን ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ገና ግማሽ በሩ ነበር የተከፈተው። ጀሊላ ከበሩ አጠገብ በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የሰው ሱሪ ታሳጥራለች። የክበቡን ሃያ ሁለት ማሊያ የሰፋችው እሷ ናት፤ ስሟም ሪፖርቱ ውስጥ የገባው በዚያ ይሆናል፣ የተረከቡበት ደረሰኝ ላይ ሲያዩት አማራቸው። ሰገነት ነገሩን አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ጀሊላ መርፌውን አቁማ ሰማች፣ ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከጣቃዎቹ ኋላ ሆነው የሚሰሙት አባቷ ግን አልሳቁም። አቶ ኑርሑሴን በወጣትነታቸው ጨርቅ በብስክሌት ጭነው ወረታ ድረስ የሚያመላልሱ ሰው ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ቢደክምም ብስክሌቷ ጓሮ አለች፣ መሃሏ ብረት የሌላት፣ ጀሊላ ዕቃ ለማድረስ የምትነዳት። መጥተው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሰገነትን አዩአት። እኔ ልጄን ለማንም አልሰጠሁም፣ ሰው ግን ሳይጠይቀኝ ወስዶ መዝገብ አስገብቷታል አሉ፤ ከዚያም ወደ ጀሊላ ዞረው፣ «ተነሽ እንጂ። ሁለት ዓመት ስትቀሪ ኖረሽ ዛሬም ልታረፍጂ ነው?» አሏት።

ሸዋዬ ደግሞ ከፋብሪካ የሌሊት ተራ ገና መውጣቷ ነበር። ያገኟት የቤቷ በር ላይ ነው፤ ፀጉሯ ላይ ጥጥ ነጭ ነጭ ብሎ ቀርቷል፣ ብስክሌቷን ግድግዳ አስደግፋ ቁልፏን ትፈልጋለች። ክር ስታጠነጥን ያደረች ሴት ወደ መሸንቲ ንጂ ማለት ጭካኔ መሆኑን ሰገነት ያወቀችው ጠይቃት ከጨረሰች በኋላ ነው። ሸዋዬ ሪፖርቱ ውስጥ ስለሷ ምን እንደተባለ ጠየቀች። በንቃት የምትሳተፍ ይላል አሏት።

«ሌሊቱን ሙሉ ቁሜ ነው ያደርሁ» አለች ሸዋዬ። «ንቁ ነኝ፣ አልዋሹም።» ቁልፉን መልሳ ኪሷ ከተተችው። ባሏ ከክበቡ አባላት አንዱ ሆኖ ሁለት ዓመት ሙሉ በየእሁዱ ማሊያውን ያጠበችለት እሷ ናት፤ ዛሬም ንጹሑን ለብሶ ሄዷል። ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ተጣጥባ መጣች።

አራተኛዋን ግን የሚያውቃት ጠፋ። ወለተ ጊዮርጊስ ማን ናት? ጀሊላ የክርስቲያኖቹ ነገር እናንተን ይመለከታል ብላ እጇን አነሣች። ሸዋዬ በፋብሪካውም በሰፈሩም እንዲህ የምትባል አላውቅም አለች። አቶ አምባቸው ቁጥር ሲጎድልባቸው ከሰማይ ያወረዷት መሆን አለባት ብለው ተስማሙ። ሰገነት ግን እዚህ ላይ ልቧ ትንሽ ፈራ። በዚያ ዘመን የውሸት ሪፖርት ቀልድ አልነበረም፤ የመንግሥት እንግዳ ስም ሲጠራ የምትመልስ ሴት ከታጣች ማን ጻፈው ይባላል። ረቂቁ የሊቀመንበሩ ቢሆንም በንጹሕ የገለበጠው እጅ ደግሞ የጸሐፊው የአንዳርጋቸው ነው። ባትሄድ ሁለት ዓመት የታሰረችበት ነገር ሊቀጥል ነው፣ ብትሄድ ደግሞ የዱርቤቴው ሰበብ ፈርሶ ወንድሟን ጉድጓድ አፍ ላይ ልታቆመው ነው። መንገድ መሃል ቆመች። ሸዋዬ ብስክሌቷን እየገፋች፣ ስምሽ ሲጠራ አለሁ በይ፣ ሌላ ምንም አትናገሪ፣ ያለ ሰው አለሁ ማለቱ ምን ጥፋት አለው አለቻት። ይህ ትክክል መሰላት። ሰገነት ጀሊላ ኋላ ላይ ተፈናጠጠችና ሦስቱ በሁለት ብስክሌት በዘንባባዎቹ መሃል ወደ ሐይቁ ወረዱ።

ወንዶቹ ከሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር በሁለት ረድፍ ቆመው ነበር፤ ሐይቁ ከኋላቸው ያበራል፣ የጊዮርጊስ ቅዳሴ ተፈጽሞ ነጠላ የለበሰው ምእመን ከቅጽሩ እየወጣ ለማየት ይቆማል። ጓድ አዘዘ ቀጠን ያሉ፣ ኮታቸው ላይ የመንገድ አቧራ ያልተራገፈ ሰው ነበሩ። አቶ አምባቸው አጠገባቸው ቆመው የሴቶቹ ክፍል ለዘመቻ ዱርቤቴ መውረዱን፣ እንዴት ያሉ ትጉሃን እንደሆኑ እያስረዱ ሳለ ሦስቱ ደረሱ። ሸዋዬ ፍሬን ያዘች፣ ጎማው ጠጠሩ ላይ ጮኸ። አቶ አምባቸው ሰገነትን ሲያዩ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። በረድፉ ውስጥ የሸዋዬ ባል መጀመሪያ ሚስቱን፣ ቀጥሎ ማሊያውን አየ።

ጓድ አዘዘ እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የአቶ አምባቸው ግን ማደር እንኳን አላስፈለገውም፣ እዚያው በቆመበት ቀለለ። እንግዳው ፈገግ አላሉም፣ አልተቆጡምም። ባለፈው ወር በሌላ ከተማ አሥር አባላት ያሉት የመረብ ኳስ ቡድን ሊያዩ ሄደው መረቡን ብቻ አይተው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ሲሰጣቸው ስም ሳይጠሩ አይሄዱም። ወረቀቱን ዘረጉ።

«ሰገነት ቢያዝን።»

አንዳርጋቸው በረድፉ መጀመሪያ ላይ ነበር። የብስክሌቱን መሪ ጨብጦ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ሰገነት ስሟ እንዲህ በአደባባይ ሲጠራ ሰምታ አታውቅም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ የለሁም ብትል እውነት ነው፣ ወንድሟ ግን አለቀለት።

«አቤት፣ አለሁ» አለች።

ጀሊላም አለሁ አለች። ሸዋዬም አለሁ አለች፣ እንቅልፍ ባጣ ወፍራም ድምፅ። ወንዶቹ እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። ከዚያ እንግዳው የመጨረሻውን ስም ጠሩ፤ ወለተ ጊዮርጊስ አሉ። ሞገዱ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። ወለተ ጊዮርጊስ አሉ ደግመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። አቶ አምባቸው መሐረባቸውን አወጡ። አንዳርጋቸው ቀና ብሎ እህቱን አያት፣ ጠዋት ሻዩ ላይ ካጎነበሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ዓይኑ ውስጥ ያለው ፍርሃት ለራሱ ብቻ አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ።

«አቤት!» አለ አንድ ቀጭን ድምፅ ከምእመናኑ መሃል።

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። እማማ ፀሐይወርቅ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው፣ ነጠላቸውን መስቀልያ እንዳጣፉ ብቅ አሉ። «ማን ነው የጠራኝ? ቄሱ ናቸው ብዬ መጣሁ እኮ። በክርስትና ስሜ የሚጠራኝ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የለም» አሉ።

የአቶ አምባቸው ፊት ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። ነገሩ ቀላል ነበር። ሪፖርቱ ሲዘጋጅ አራት ሴት ያስፈልጋል ተባለ፣ ሦስት ተገኘ። ለአራተኛዋ የሚታወቅ ሰው ስም መጻፍ አደጋ ነው፣ ከሐሳብ መፍጠርም ይከብዳል። አማታቸው መጻፍ ስለማይችሉ ግን በየዓመቱ ለጸሎት የሚሰጠውን ስም የሚጽፉላቸው እሳቸው ነበሩ፤ እጃቸው የለመደውን ጻፈ። ካድሬ ቤተ ክርስቲያን አይስም፣ ማን ያውቃታል ብለው። እንግዳው ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ከጊዮርጊስ ደጃፍ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ቆመው ስም ይጠራሉ ብሎ ማን አሰበ።

ጓድ አዘዘ ወደ አሮጊቷ ጠጋ ብለው፣ «እናቴ፣ እርስዎ የጮራ የብስክሌት ክበብ አባል ነዎት?» አሏቸው።

እማማ ፀሐይወርቅ ወረቀቱን አዩ። አማቻቸውን አዩ፤ አማቻቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። ሱሪ የለበሰችውን ሰገነትን፣ ጥጥ ፀጉሯ ላይ የቀረባትን ሸዋዬን አንድ በአንድ አዩ። የማይጽፉ ሰው ናቸው እንጂ የማያነቡ አልነበሩም።

«አምባቸው ነው የጻፈኝ?»

አዎ ተባሉ።

«እንግዲያው ነኝ። አማቼ ውሸት አይጽፍም» አሉ። መቋሚያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። «ታዲያ የኔ ብስክሌት የታለ?»

ሳቁ ከሴቶቹ ተነሣ፣ ወደ ወንዶቹ ገባ፣ ዓሣ ለመሸጥ ታንኳቸውን የሚጎትቱት ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ሳቁ። ጓድ አዘዘ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ የገባቸው ሁሉ ገብቷቸዋል፣ ሊሉት የሚችሉትም ብዙ ነበር። አንዲት አባል ብስክሌት ስታጣ ሊቀመንበሩ ምን ይሠራል አሉ ብቻ። የአማት ነገር እምቢ የሚባል አይደለም። አቶ አምባቸው ከምእመናኑ ነጠላ ተቀብለው አጥፈው በብስክሌታቸው የኋላ ዕቃ መጫኛ ላይ አነጠፉ፣ ሁለት ሰው ደግፎ እማማ ፀሐይወርቅን በጎን አስቀመጠላቸው፣ እሳቸውም በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን፣ በሌላው የአማቻቸውን ማሊያ ጨበጡ። እልልታው ጊዮርጊስ ግቢ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ወደ ውጭ አወጣቸው።

እንግዳው ወደ ሰገነት ዞረው የአንቺስ ብስክሌት ሲሏት ግን ከኪራይ ቤቱ የቀረችው ባለ አንድ ጎማ ትዝ አለቻት። ያን ጊዜ አንዳርጋቸው ከረድፉ ወጣ። ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ ፊቷ አቆመው። ከኪሱ መፍቻ አወጣ፣ አጎነበሰና የኮርቻውን ብሎን አላልቶ ዝቅ አደረገው፣ ቁመቷን በዓይኑ ለካ፣ ትንሽ ጨምሮ ዝቅ አደረገው፣ አጠበቀው። ሃያ አንድ ሰው ይጠብቃል፣ እሱ ግን አልቸኮለም።

«የሚሠራው የቀኙ ፍሬን ብቻ ነው» አላት ቀና ሳይል። «ከብት ካጋጠመሽ ቀደም ብለሽ ያዢ።»

ሰገነት የመሸንቲን መንገድ በመኪና ብዙ ጊዜ ሄዳበታለች። በብስክሌት ሌላ መንገድ ነው። እስከ ከተማው መውጫ ድረስ ሰልፉን የመሩት አቶ አምባቸው ነበሩ፣ ከነአማታቸው። እማማ ፀሐይወርቅ የሚያውቁት ሰው ባለፉ ቁጥር መቋሚያቸውን እያነሡ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ የሚያውቁት ሰው ደግሞ ብዙ ነው። ሹም አቦ ቤታቸው ደጅ ሲወርዱ ሊቀመንበሩ ከላባቸው የተነሣ ማሊያቸው ሰማያዊ መሆኑ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተከፈተ። አንዱ ወንድ እናንተ ከኋላ ሁኑ ቢል ሸዋዬ አቧራውን ማን ይበላል ብላ አለፈችው፤ ጀሊላ ሻርፗን አገጯ ሥር ጠበቅ አድርጋ ቋጥራ ተከተለቻት፣ ሰገነትም ተከተለች። የወንድ ብስክሌት ነው፣ መሃል ብረቱ መጀመሪያ አስቸገራት፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ረሳችው። ነፋሱ ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል፣ ጤፉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ ይሮጣል፣ ጭኗ ይቃጠላል፣ ደስ አላት። እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። ይህን ነበር ሁለት ዓመት የከለከሏት? በወረቀት ላይ ያለችው ሰገነት በየእሁዱ ይህን ሁሉ ብቻዋን ስታይ ኖራለች ብላ አሰበችና ቀናችባት፣ ቀጥሎም ከት ብላ ሳቀች። መሸንቲ መግቢያ ላይ በሬዎች መንገድ ሲያቋርጡ የቀኙን ፍሬን ቀደም ብላ ያዘች።

እዚያ የጌሾ እስር ተሸክማ የምትሄድ አንዲት ባላገር ሴቶቹን ስታይ ሸክሟን አወረደች። እንዲህ የሚሮጥ ሰው በሷ አገር አንድ ነገር ብቻ ነው የሚይዝ። «ምነው ልጆቼ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለቻቸው በድንጋጤ። ሸዋዬ ቆመች፣ ማንም አልሞተ፣ ለደስታ ነው አለቻት። ሴትዮዋ ለደስታ ብላ ደገመችው፣ ጭንቅላቷን ነቀነቀችና እንግዲያውስ ያዝልቅላችሁ ብላ መረቀቻቸው። ሲመለሱ የአንዱ ወንድ ጎማ ፈነዳና ሌሎቹ መፍቻ ሲፈላለጉ ሸዋዬ በማንኪያ እጀታ አውጥታ ለጠፈችው፤ ባሏ አጠገቧ ቆሞ መንፊያውን ያዘላት።

ከዋርካው ሥር ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው። ጓድ አዘዘ በላንድሮቨራቸው ቀድመው ደርሰው ሦስት አሉ፣ አራተኛዋ ቤቷ አለች ብለው በወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉና ሄዱ። አንዳርጋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጀሪካን ውሃ ከጎኑ አለ። ክበቡ ከተመሠረተ ጀምሮ በዚያ ቦታ ላይ ውሃ ይዞ የቆመ ወንድ እሱ የመጀመሪያው ነው። ቀድቶ ሰጣት፣ ጠጣች፣ ደግሞ ቀዳላት። ፍሬኑስ አላት። ያዘ አለችው። ይህን ያህል ብቻ ተነጋግረው ብስክሌቱን በመሃላቸው እየገፉ ወደ ቤት ሄዱ።

አመሻሽ ላይ አቶ አምባቸው መጡ። በጠዋቱ ወንበር ተቀመጡ፣ ሻይ ቀረበላቸው፣ ወገባቸውን ደጋግመው አሹ። ሪፖርቱን ልቤን ቢያቆመውም እንግዳው ተቀብለውታል፣ ስለዚያ ጉዳይ አላስቸግራችሁም አሉ። የመጡት ለሌላ ነው። አማታቸው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጎረቤት እየዞሩ አባልነታቸውን ሲናገሩ ውለዋል፤ የሚቀጥለው እሁድ ጉዞ ስንት ሰዓት እንደሆነም ሁለት ጊዜ ልከው አስጠይቀዋል። ሰው አየኝ ብለው ያፍራሉ ሲባል ጭራሽ ኮርተው ቁጭ አሉ። እንግዲህ አሉ አቶ አምባቸው፣ መዝገብ የምታውቂ ሰው ነሽና፣ ስማቸውን ከዝርዝሩ የምናወጣበት መንገድ ካለ ብዬ ነው።

ሰገነት ብርጭቆውን እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ለጊዜው የስረዛ ክፍል የለንም፣ ጋሼ አምባቸው» አለቻቸው።

አንዳርጋቸው ሻዩ ትን አለው። ሲያስል፣ ሲስቅ፣ ደግሞ ሲያስል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አቶ አምባቸው መጀመሪያ በቁጣ አዩት፣ ከዚያ የራሳቸው ከንፈር አልታዘዝ አላቸው። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ዘወር ሳይሉ፣ እሁድ ሦስት ሰዓት አሉ፤ እንዳታረፍዱ፣ እማማን ማፈናጠጥ ጊዜ ይወስዳል።

ከሄዱ በኋላ አንዳርጋቸው ጨርቅና ዘይት ይዞ በረንዳ ላይ ተቀመጠ፣ የመሸንቲን አቧራ ከብስክሌቱ ይወለውል ጀመር። ሰገነት ልቀበልህ ብትለው እጇን በክርኑ መለሰው። ሰንሰለቱን ቀባ። ሁለቱንም ጎማዎች አሽከርክሮ አየ። የጎረቤቶቹ ዶሮዎች ወደ ቆጣቸው እየገቡ ነበር። መፍቻውን አንሥቶ ኮርቻው ላይ አደረገና ቆም አለ።

«ማመልከቻሽን እኔ ነኝ ያላሳየኋቸው» አላት። «እንዳይስቁብሽ ብዬ ነው። የሴት ክፍል የለንም ያልሁሽ እኔ ነኝ፤ እነሱ አልተጠየቁም። በኋላ ሴት አምጡ ሲባል ግን ከመሳቢያ አወጣሁት።»

ሰገነት ሁለት ዓመት ሙሉ ያኮረፈቻቸው እሳቸውን ነበር፣ አቶ አምባቸውን። ብትቆጣ ትችል ነበር። ጭኗ ግን አሁንም ከመንገዱ ይንቀጠቀጣል፣ ጆሮዋ ውስጥ ነፋሱ አለ።

«አሁን ሳቁብኝ?» አለችው።

«አልሳቁም።» መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሳያዞረው ቆየ። «ኮርቻውን ልመልሰው ወይስ ይቆይ?»

«ይቆይ። አንተስ?»

መፍቻውን ኪሱ ከተተውና ተነሣ። «እኔ እከራያለሁ» አለ። «ቅዳሜ ማታ ቀድሜ ካልያዝሁ ግን ያች ባለ አንድ ጎማ ናት የምትደርሰኝ።»